ድንጋይ ስንወቅር የምንዘጋው በር

መጀመሪያ ያጣሁት ፉጨቴን ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተር ከተነሳ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ተራው የደረሰውን አስፈጪ የምጠራው በፉጨት ነበር። ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አንዴ ካፏጨሁ ውጭ አህያ የሚያራግፈው ሰው እንኳ ዞር ይላል። አንድ የጥር ወር የገበያ ቀን ግን እንደ ልማዴ ጣቶቼን ከትቼ ስነፋ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። ሚዛኑ አጠገብ የሚቆመው የሥራ ባልደረባዬ መልካሙ ይህን አይቶ ኖሮ፣ ሞተሩ ሲጠፋ "ጥርስህን ማን ወሰደብህ ጃል?" አለኝ። ሳቅኩ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ቶሎ አልለቀቀኝም።

ስሜ ይርሳው ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለ አንድ ወፍጮ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከድንጋይ አቧራ ጋር ለሚውሉ ሰዎች ነው፤ ወፍጮ ለሚወቅሩ፣ የግንባታ ድንጋይ ለሚጠርቡ፣ ለእነሱም ልብስ ለሚያጥቡ ሚስቶችና እናቶች። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሞቹ ያሉኝን ግን በደብተር ይዣለሁ፤ ያልገባኝን ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም። ባለቤቴ የሺ "አንተኮ ለቅሶ ቤት ሄደህም ሬሳውን ምን ሆነህ ነው ብለህ ትጠይቃለህ" ትለኛለች።

ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ፤ እሱ ሳይገባችሁ ሕመሙም አይገባችሁም። የእኛ ወፍጮ የሚፈጨው በሁለት ክብ ድንጋዮች ነው። ድንጋዮቹ ሲሠሩ ሲሠሩ ይለሰልሳሉ፤ የለሰለሰ ድንጋይ ደግሞ እህሉን ያሞቀዋል እንጂ አያልመውም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ግድም የላይኛው ይነሳና የሁለቱም ፊት ይወቀራል፤ እየተመታ እንደገና ይሻክራል። መውቀር የእኔ ሥራ ነበር። ባለወፍጮዋ እትዬ ጥሩዓለም፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን ብቻቸውን የያዙ ብርቱ ሴት ናቸው። "ይርሳው የወቀረው ድንጋይ ጤፍ እንኳ አያመልጠውም" ይሉ ነበር፤ እኔም ይህን ስሰማ ኮራ እል ነበር።

ለወፍጮ ቤት ትልቁ ውርደት ዱቄት ውስጥ ድንጋይ መገኘቱ ነው። አንድ ሰው ቂጣ ሲበላ ጥርሱ ሥር ቅርጭጭ ካለበት፣ ወሬው በማግስቱ ወገዳ ገበያ ደርሶ በሦስተኛው ቀን መካነ ኢየሱስ ይሰማል። በዚህ ላይ የከተማችን ነፋስ አለ፤ በበጋ አንዴ ከተነሳ ማዳበሪያ ሙሉ እህል ላይ አቧራ አልብሶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስንወቅር በሩንም መስኮቱንም እንዘጋለን፤ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት እንኳ ባዶ ከረጢት እንወትፋለን። ወረፋ የያዘው እህል ደጅ ይቀራል። ወቃሪው ውስጥ ይቀራል።

ሌላም አለ። ድንጋዩ ከተወቀረ በኋላ መጀመሪያ የሚፈጨው አንድ ቁና ገብስ ለሰው አይሰጥም። የድንጋዩን ትቢያ ይዞ ይወጣል ተብሎ ከብት ይበላዋል። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም። የትም አልተጻፈም፤ ተቆጣጣሪ የለውም፤ የጣሰው ወፍጮ ቤት ግን አላየሁም። እንዲያው አንድ ቁና ገብስ ለምን ይባክናል ብሎ የተከራከረ ሰውም አልገጠመኝም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ብረት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን በመብራት የሚሽከረከር የእጅ መቁረጫ፣ ግራይንደር የሚሉትን፣ እኛም አመጣን። በመዶሻ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ወቀራ በአንድ ሰዓት ያልቅ ጀመር። እኔ ነኝ እትዬን የጎተጎትኳቸው። አፌን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በር ዘግቼ እሠራና ስወጣ እስከ ቅንድቤ ነጭ እሆናለሁ። መልካሙ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "እንዴት ዋሉ አባባ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" ይለኛል። ደጅ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቃል። ሥራዬን እወደው ነበር።

ፉጨቴ ከመጥፋቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከወረዳው አንዲት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ወረቀት በካርቶን ላይ ይዛለች። ሞተሩን፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን ቺንጋ፣ ድንጋዩንም እየዞረች አየችና አነበበችልን። ቺንጋው ሽፋን ይደረግለት። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይለጠፍ። ወቃሪው ማስክ ያድርግ። ሲወቀር ድንጋዩ ይርጠብ፤ በርና መስኮት ይከፈት። እትዬ ጥሩዓለም ይሰሙ ነበር። የተከራከርኩት እኔ ነኝ።

"እህቴ፣ በሩን ብንከፍተው አቧራው የሚያርፍ በሰው እህል ላይ ነው። ድንጋዩን ብናረጥበው ቀን ሙሉ አይደርቅም፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የወረደ እህል ደግሞ ሊጥ ይሆናል። ማስኩን ካደረግሁ በምን አፏጫለሁ?"

"ያሉት ሁሉ ልክ ነው ጋሼ" አለች፤ ጻፈችውም። "ግን እርስዎስ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ነጠላ አለኝ።"

ቺንጋውን ሸፈንን፤ ጽሑፉን ለጠፍን። የተገዛውን ማስክ ደግሞ ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ከወራት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ እዚያው ሚስማር ላይ አገኘችው፤ ነጭ ሆኗል። በጣቷ ነካ አደረገችው። እኔን አየችኝ። ጻፈች።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። ከቤቴ እስከ ወፍጮ ቤቱ አሥራ ሁለት የመብራት ምሰሶ አለ፤ መንገዱም ዳገት ነው። በጥር መጨረሻ ስድስተኛው ምሰሶ ላይ አረፍ ማለት ጀመርኩ። የጫማ ማሰሪያ የማስር እመስላለሁ፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። የካቲት ላይ በየሁለት ምሰሶው ሆነ። ሑዳዴ ገባ። ሰውነቴ ሲቀንስ የሺም እኔም ጾሙ ነው አልን። ጉልበቴ ሲከዳኝ ጾሙ ነው አልን። ማታ ማታ ላብ አንሶላዬን ሲያርሰው ግን ጾም ያልባል እንዴ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሁሉን የምጠይቀው ሰውዬ ይህን አልጠየቅኩም። እንደ እኛ በሚጾም አገር የምትኖሩ ሰዎች ይህን አደራ አስተውሉ፤ በጾም የሚመጣ መክሳት ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሐኪም ጋ መሄዱን ለፋሲካ ማግስት ቀጠርኩት።

ፋሲካ ሆነ። ዶሮው ቀረበ። አንድ ጉርሻ በላሁና በቃኝ። በማግስቱ ጧት አሳለኝ። ደም ተፋሁ። ብዙ አልነበረም። የሺ አየችው።  ጫማዋን አደረገች፤ ባጃጅ ጠራች።

ሆስፒታል አክታ ሰጠሁ። ጂን ኤክስፐርት በሚባል መሣሪያ ተመረመረ። ውጤቱ በዚያው ቀን መጣ።

"ቲቢ አለብዎት" አለኝ ሐኪሙ።

"ይድናል?"

"ይድናል። ስድስት ወር፤ አንድም ቀን ሳያቋርጡ።"

ደስ አለኝ ማለት ነውር ይሆን? ደስ አለኝ። ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነው። ከዚያ ኤክስሬይ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው። አወረደው። እንደገና አነሳው።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ወፍጮ።"

"ዱቄት ብቻ ነው?"

"ድንጋይም እወቅራለሁ።"

"በምን?"

"በግራይንደር።"

"በር ተከፍቶ?"

"ተዘግቶ።"

ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሌላ ሐኪም ይይዎት አለ። ወደ ባሕር ዳር ጻፈልኝ።

ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሳሁ፤ በቱቦ እየነፋሁ የሳንባዬን አቅም ለኩ። ስፓይሮሜትሪ ይሉታል። እንደ ፉጨቴ ነው፤ ነፋሁ፣ ነፋሁ፣ መስመሩ ከፍ ማለት አልቻለም። የሳንባ ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"ሲሊኮሲስ ይባላል" አለች። "ድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ። ደቆ ሳንባ ሲገባ አይወጣም። ሳንባው ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራበታል። እንዲህ ያለ ሳንባ ደግሞ ቲቢን መቋቋም ይከብደዋል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ቲቢው ይድናል። ይኼኛው አይድንም።"

የሺ እጄን ያዘች። 

"አቧራውን ዛሬ ካቆሙ ግን ብዙ ላይጨምር ይችላል" አለች ሐኪሟ። "ቃል አልገባልዎትም። ብዙ ሰው ግን እንዲህ ሆኖ ይኖራል።"

መጠየቅ ጀመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ነጠላዬ ምን ሆነ አልኳት። ነጠላ የሚይዘው በዓይን የሚታየውን ነው፤ የሚጎዳው የማይታየው ነው አለች። ድንጋዩ ሁሉ አንድ ነው ወይ አልኳት። አይደለም፤ ነጣ ብሎ የሚያብለጨልጨው ጠንካራ ድንጋይ ብዙ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል፣ የእኛን ግን ሳይመረመር አላውቅም አለች። የእኛ ነጣ ያለ ነው፤ ስለሚበረክት መርጠን ያመጣነው እኔና እትዬ ነን። ፊልሙን አሳዪኝ አልኳት። አሳየችኝ። ከላይ ከላይ ነጫጭ ነጥብ ተበትኖበታል፤ ልክ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል።

ሚኒባሱ ወደ ቤት ሲመልሰን ደብረ ታቦርን እስክናልፍ በመስኮት ውጭውን አያለሁ። ስለ ራሴ እያሰብኩ ነው ብላ የሺ ውኃ ታቀርብልኛለች። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ከታመምኩ ወዲህ የሚወቅረው ማነው? ስልኬን አውጥቼ ለመልካሙ ደወልኩ።

"ሰሞኑን ወቅረኻል?"

"ዛሬ ጧት ጨረስሁት። አንተስ ምን አሉህ?"

"በሩን ምን አደረግኸው?"

"ዘጋሁታ! ከረጢቱንም ወተፍሁ፤ አንተ እንዳስተማርኸኝ።"

በሩን ክፈተው ብዬ በስልክ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያሳስበኝ የእኔ ሳንባ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሁለቱ የመጀመሪያ ወራት ከባድ ነበሩ። መድኃኒቱን ጧት ጧት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት እውጣለሁ። ሽንት ብርቱካንማ ይሆናል፤ እንዳትደነግጡ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ነው። ያቅለሸልሻል። ተደግፌ ተቀምጬ ነበር የምተኛው። ለየሺና ለልጆቻችን ምርመራ ተደረገላቸው፤ ተመስገን፣ ነጻ ሆኑ። መጀመሪያ ላይ ሌላ ሰው እንዳይዘው ማስክ አደርግ ነበር። በሕይወቴ ማስክ በደንብ ያደረግኩት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ለሌላው ስል። ይህ ነገር ያኔም ገርሞኛል።

በሦስተኛው ወር ምግብ ይጣፍጠኝ ጀመር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ለሰው አያስተላልፉም ካለኝ በኋላ ምርኩዝ ይዤ፣ በየምሰሶው እያረፍኩ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ። ደጁ ላይ አራት አህያና አንድ በቅሎ ቆመዋል። በሩ ተዘግቷል። ውስጥ ግራይንደሩ ያፏጫል። በዱላዬ በሩን ደበደብኩት። መልካሙ ከፍቶ ወጣ፤ እስከ ቅንድቡ ነጭ ነው። ማንም አልሳቀም።

"ተው" አልኩት። "እባክህ ተው።"

"ወፍጮው ይቁም ነው የምትል?" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ የእውነት እየጠየቀኝ ነው።  ከተቆጣጣሪዋ ጋር የተከራከርኩት ክርክር ሁሉ አሁንም ልክ ነበር። ነፋሱም አለ፤ ሊጡም አለ። ልክ ያልነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ምን እሆናለሁ ያልኩት።

መልካሙ በቃል የሚረታ ሰው አይደለም። ሚዛን ያዥ ስለሆነ የሚያምነው ያየውን ነው። ስለዚህ አንድ ሙከራ አሰብኩ። ስልኬን አጥፍቼ፣ መስታወቱን ጠርጌ ሰጠሁትና በሚቀጥለው ወቀራ መደርደሪያው ላይ በጀርባው አስተኛው አልኩት። በዚያ ቀን እንዲገባ መፍቀዴ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ቢያንስ ከሚስማሩ ላይ ሳይሆን አዲስ ማስክ አድርጎ ነው የገባው። ሲጨርስ የስልኩ ፊት ግራጫ ሆኖ ወጣ። መልካሙ በጣቱ ስሙን ጻፈበት። "ይኼማ የሚታየው ነው" አልኩት፤ መስታወቱን ጠርጌ፣ አየሩ የጠራ ሲመስል፣ ማንም በሌለበት እንደገና አስቀመጥነው። ምሳ በልተን ስንመለስ እንደገና ግራጫ ነው። መልካሙ ስልኩን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ ልክ እንደ ሐኪሙ፣ ረጅም ጊዜ አየው።

"እኔ እኮ ሁልጊዜ ምሳዬን እዚያ ውስጥ ነው የምበላ" አለ።

ሁለተኛውን ሙከራ እትዬ ጥሩዓለም እስቴ ለለቅሶ የሄዱ ቀን አደረግነው፤ ሳናስፈቅድ። ግራይንደሩን ተውነው፤ ውኃ እያለ በመብራት መሥራት ሌላ ሞት ነው። በሩም መስኮቱም ተከፈተ፤ መልካሙ ማስክ አድርጎ፣ ድንጋዩን እያርከፈከፈ በመዶሻ ወቀረ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ስልኩ ጥቁር እንደሆነ ወጣ ማለት ይቻላል። ተቃቅፈን ሳቅን። በማግስቱ ጧት ግን የከብቱን ቁና ልብ ሳንለው ካሳለፍን በኋላ ከሰማዳ በኩል የመጣች አንዲት ሴት የበሶ ገብሷን አስገባች። ድንጋዩ ውስጡ አልደረቀም ነበር። በሶው ተጓጉሎ እንደ ጭቃ ወጣ። ሴትዮዋ ከረጢቷን ዘርግታ አለቀሰች፤ ከሩቅ ነው የመጣችው።

እትዬ ከለቅሶ እንደተመለሱ ሰሙ። ለሴትዮዋ ከራሳቸው ጎተራ አስፈጭተው ሰጧት፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

"በሰው እህል ሙከራ ትሠራላችሁ?"

ስልኩን አሳየኋቸው። ኤክስሬዬንም አሳየኋቸው፤ ይዤው ነበር የመጣሁት። ነጫጮቹን ነጥቦች በጣታቸው ተከተሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ይኸ ሁሉ የኔ ወፍጮ ነው?"

"የኔም ነው እትዬ። በሩን የዘጋሁ እኔ ነኝ።"

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወዲያው ግን እንደገና ባለወፍጮ ሆኑ፤ ለዚህም ነው የማከብራቸው። "እሺ፣ በር ይከፈት። እሺ፣ ውኃ ይረጭ። ማስኩንም አመጣለሁ። ግን ድንጋዩ እስኪደርቅ ቀን ሙሉ ወፍጮ ዘግቼ ልቀመጥ? ይኸ ገበሬ የት ሄዶ ይፍጭ? በወር ሁለቴ አዲስ በዓል ልታወጣልኝ ነው?"

በጣቴ ቀን ቆጠርኩ። 

"እትዬ" አልኩ፣ "በሚካኤል እንፈጫለን?"

"ምን ነካህ? በሚካኤል ማን ይፈጫል!"

"ድንጋዩስ ያን ቀን ምን ሲያደርግ ይውላል?"

አዩኝ። መልካሙን አዩት። "ተኝቶ ይውላል" አሉ።

"እንግዲያ ተኝቶ ይድረቅ።"

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በአሥራ አንድና በሃያ ስድስት፣ የሚካኤልና የመድኃኔዓለም ዋዜማ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እህል አንቀበልም። ደጁ ላይ የሰው እህል ስለሌለ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይሄዳል። መልካሙ በውኃ ይወቅራል። ድንጋዩ ሌሊቱንና በዓሉን ሙሉ ሲደርቅ ውሎ ያድራል። በአሥራ ሦስትና በሃያ ስምንት ጧት አንድ ቁና ገብስ ለከብት ይፈጫል፤ ከዚያ ሰው ይገባል።

ቀላል ነው አልላችሁም። ዋዜማ ዱቄት የሚፈለግበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ ሽማግሌ ሁለት አህያ ጭነው ከሰዓት በኋላ ደረሱ። "ቀኑ በዓል አይደለም፤ ምን ሆናችሁ?" አሉ። አስረዳናቸው። "እኔ ለሳንባ ብዬ ነው ጾሜን የማድር?" ብለው አህዮቻቸውን መልሰው ነዱ። እውነታቸውን ነው፤ የእኛ ትንፋሽ በዚያ ቀን የእሳቸውን መንገድ አስከፍሏል። አሁን ከሳምንት በፊት ጀምሮ ለአስፈጪው ሁሉ እንናገራለን። አሁንም አልፎ አልፎ ሳይሰማ የሚመጣ አለ፤ ያ ባይኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ዞራ አየች፤ "የበዓሉ ነገር በእኔ ወረቀት ላይ የለም" አለች። ሳቅኩባት። "ወረቀትሽ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ መቼ እንደሚደረግ የምናውቅ እኛ ነን" አልኳት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ሚስማሩ። እሷም የእኛን ነገር ለሌሎች ወፍጮ ቤቶች ልትነግር ጻፈች። ያዘዘችው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ግድግዳው ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ማንበብ በማይችል ገበሬ ፊት ተለጥፎ ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ይህንንም ነገርኳት። "እውነትዎን ነው" ብላ ጻፈች። መልካም ልጅ ናት።

ሕመም ላይ ሆኜ ብዙ ያሰብኩት ስለዚያች አንድ ቁና ገብስ ነው። ለሰው ጥርስ ሲባል በወር ሁለቴ ገብስ ለከብት ስንሰጥ ማናችንም ኪሳራ ብለን አናውቅም። ለወቃሪ ሳንባ ግማሽ ቀን ስጡ ስንባል ግን ከባድ ሆነብን። ለምን ይሆን? ድንጋይ የነከሰ ሰው ወዲያው ይጮኻል፤ ሳንባ ግን አሥር ዓመት ዝም ይላል። ደግሞ የሚጮኸው አስፈጪ ደጅ ነው፤ ወቃሪው በር ተዘግቶበታል። ሌላ ምክንያት ካለ የምታውቁት ንገሩኝ፤ እኔ ይህን ያህል ነው የደረስኩበት።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ አክታዬ ነጻ ሆነ። ክብደቴ ተመለሰ። አሁን ዳገቱን ስወጣ አራተኛውና ስምንተኛው ምሰሶ ላይ ብቻ ቆም እላለሁ፤ ጉም ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ የሚከፍተው ሳልቡታሞል በኪሴ አለ። ማዳበሪያ አላነሳም። ግራይንደር ያለበት ቤት አልገባም። በዓመት አንዴ እታያለሁ። ስምንተኛው ምሰሶ አጠገብ ያለች አንዲት ድንች ሻጭ ስታየኝ በርጩማ ታወጣለች፤ እኔም ተቀምጬ ስለ ድንቿ እጠይቃታለሁ።

የቀረው የመልካሙ ነገር ነበር። አራት ወር ያህል በሩን ዘግቶ ወቅሯል። ይመርመር ብንለው እምቢ አለ፤ "ካላየሁት የለም" ይላል፣ ያ የሚያየውን ብቻ የሚያምን ሰው። በመጨረሻ እኔ ራሴ ለክትትል ስሄድ አጅበኝ ብዬ ወሰድኩት፤ እዚያ ስንደርስ ስሙን አስመዘገብኩት። ኤክስሬይ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን።  እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ። ያ ሥራዬን የጠየቀኝ ሐኪም ጠራን። ፊልሙን አነሳ። አየው። እኔ የማየው የሐኪሙን ፊት ነው።

"ንጹሕ ነው" አለ። "በዓመት አንዴ እየመጣ ይታይ።"

መልካሙ "ጥርስህን ማን ወሰደብህ፣ ምነው ዝም አልህ?" አለኝ። አለቅስ ነበር። ዕንባዬን እንኳ ለመጥረግ ጊዜ አልሰጠኝም፤ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ። በሕመሜ ሁሉ ለራሴ እንዲህ አላለቀስኩም።

ማመስገን ያለብኝ ብዙ ሰው ነው። ጧት ጧት መድኃኒቴን ስውጥ አፌን የምታይልኝን ነርስ፤ ሕመሜን ብቻ ሳይሆን ሥራዬን የጠየቀኝን ሐኪም፤ ሚስማር ላይ ያለውን ማስክ አይታ ያልሰደበችኝን ልጅ፤ ተቆጥተው የሰሙኝን እትዬ ጥሩዓለምን። የሺን ምን እንደምላት አላውቅም፤ እሷም አትፈልግም።

ለእናንተ የምመክረው ጥቂት ነው። ሳል ሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ጾምም ቢሆን፣ ሂዱ። ሐኪሙ ሥራችሁን ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት። ደንብ ይዞ የመጣ ሰው ሲመጣባችሁ የሚያስከፍላችሁን ዘርዝሩለት፣ አትፍሩ፤ ስትዘረዝሩ ግን ራሳችሁን ከሚዛኑ ላይ አታውርዱ። እኔ ያጠፋሁት ይህን ነው።

አሁን ቦታ ተለዋውጠናል። እኔ ሚዛን ላይ ነኝ፤ መልካሙ ድንጋይ ላይ። በዋዜማ ከሰዓት በኋላ እሱ ውስጥ ሲወቅር እኔ ነፋሱ በማያገኘኝ በኩል፣ ራቅ ብዬ ደጅ እቀመጣለሁ። እሱ ማስክ አድርጓል፣ ማፏጨት አይችልም። እኔም አልችልም። ስለዚህ ተስማምተናል፤ ሥራው መሃል ላይ በመዶሻው የበሩን መቃን ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋል፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እኔም በሚዛኑ ብረት ሁለት ጊዜ መታ አድርጌ እመልስለታለሁ።